አይጥ ስለ ሰው ትመሰክራለችን?

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይላል ያገራችን ሰው፣ አጥፊው ሌላ ሆኖ ተቀጪው ሌላ ሲሆን። ስለ ነቀርሳ በሽታ በሚደረገው ምርመራ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል፤ የታመመው ሰው ነው፤ በመርፌ የምትወጋው አይጥ ናት። ይህ ስለ ምን ሆነ? አይጢቱስ በዳነች ጊዜ የታመመው ሰው ምን ያህል ተስፋ ሊያደርግ ይገባዋል? በዚህ ጽሑፍ ላብራራ የማስበው እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ነው።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ ላቦራቶሪ አይጥ መጻፉ አንዳንዱን አንባቢ ያስገርመው ይሆናል፤ በሳይንስ ፋኩልቲ ያሉ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም «የኛን ማሳ ማን እረስ አለህ?» ሳይሉኝ አይቀሩም። ስለዚህ ምክንያቴን ልንገራችሁ። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ወደ ቤት በሄድሁ ጊዜ፣ በጡት ነቀርሳ ታመው በሕክምና ላይ ያሉት አክስቴ ከትራሳቸው ሥር አንድ የታጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። አርእስቱ ለነቀርሳ መድኃኒት መገኘቱን በትልልቅ ፊደል ይናገራል። «እስቲ አንተ የተማርኸው አንብበህ ንገረኝ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። አነበብሁት። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ መድኃኒቱ የተሞከረው በአይጥ ላይ መሆኑን የምትገልጽ አንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር አገኘሁ። አክስቴ ዐይን ዐይኔን ያያሉ። «አይ፣ ይህ የአይጥ ነው» ብዬ ተስፋቸውን መቍረጥ አልሆነልኝም፤ «አዎን፣ እውነት ነው» ብዬ መዋሸትም አልቻልሁም። «ጠይቄ እነግርዎታለሁ» ብዬ ወጣሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ዕለት ማወቅ የነበረብኝን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ። ነቀርሳ ስል የሳንባ ነቀርሳ የምንለውን ተላላፊ በሽታ ማለቴ አይደለም፤ ሐኪሞች ካንሰር የሚሉትን ነው። ሰውነታችን ስፍር ቍጥር በሌላቸው ሕዋሳት የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ሕዋስ መቼ መከፋፈል፣ መቼ ማቆም፣ መቼም መሞት እንዳለበት የሚነግረው ትእዛዝ በውስጡ ባለው ዘረ መል ተጽፏል። ይህ ትእዛዝ ሲበላሽ ሕዋሱ ያለ ልክ ይራባል፤ እባጭ ይሆናል፤ ውሎ አድሮም በደም መንገድ ተጉዞ ሌላውን የአካል ክፍል ይይዛል። እንግዲህ ነቀርሳ ከውጭ የሚገባ ተሐዋሲ ሳይሆን ከገዛ ሥጋችን የሚነሣ ስለ ሆነ፣ ራሳችንን ሳንጎዳ እርሱን ብቻ ለይቶ መምታት እጅግ ያስቸግራል።

ይህን በሽታ ለማጥናት ሊቃውንት አይጥን የመረጡት በብዙ ምክንያት ነው። አይጥ እንደ ሰው አጥቢ እንስሳ ናት፤ ሳንባዋ፣ ጉበቷ፣ ጡቷና ደሟ ከኛ ጋር በብዙ ነገር ይመሳሰላል። ነቀርሳም በተፈጥሮዋ ይይዛታል። የምትመዝነው ከ20 እስከ 30 ግራም ያህል ብቻ ነው፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ ልጆቿም በሁለት ወር ውስጥ ለመውለድ ይደርሳሉ፤ ዕድሜዋ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ነው። ስለዚህ በሰው ላይ አርባና ኀምሳ ዓመት የሚፈጀው ነገር በአይጥ ላይ በወራት ውስጥ ይታያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ የበሽታውን አመጣጥ ለማወቅ ተብሎ ጤነኛውን ሰው ነቀርሳ ማስያዝ የማይታሰብ ነገር ነው።

ዳሩ ግን ከጎተራ የተያዘች አይጥ ለዚህ ሥራ አትበቃም። አንዲቱ መድኃኒት ተሰጥቷት ብትድን፣ ሌላይቱ ሳይሰጣት ብትሞት፣ ልዩነቱ ከመድኃኒቱ ይሁን ከዘራቸው ማን ያውቃል? ሚዛን የሚታመነው ድንጋዩ ሁልጊዜ አንድ ዐይነት ሲሆን ነው። ይህን አንድ ዐይነት አይጥ የማግኘቱ ታሪክ የሚጀምረው ከላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ከአንዲት ሴት ጋጣ ነው።

አቢ ላትሮፕ የምትባል ቀድሞ አስተማሪ የነበረች አሜሪካዊት፣ በ1900 ገደማ በማሳቹሴትስ ክፍለ ሀገር ግራንቢ በምትባል ትንሽ ከተማ አይጥ እያረባች መሸጥ ጀመረች። ገዢዎቿ በመጀመሪያ አይጥን እንደ ድመት ለማጫወቻ የሚያሳድጉ ሰዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን ላቦራቶሪዎች ደንበኞቿ ሆኑ። ከአይጦቿ አንዳንዶቹ ቈዳቸው ላይ እባጭ ማውጣታቸውን ባየች ጊዜ ለሊቃውንት ላከች፤ ከነዚህም አንዱ ሊዮ ሎብ ነገሩ ነቀርሳ መሆኑን ነገራት። ሁለቱ አብረው ሠርተው ከ1913 ጀምሮ ጽሑፎች አወጡ። የነቀርሳው ብዛት እንደየአይጦቹ ቤተ ዘመድ እንደሚለያይና፣ የሴቲቱ የእንቁላል ዕጢ ሲወጣ የጡት ነቀርሳ እንደሚቀንስ አስረዱ። ላትሮፕ የዩኒቨርሲቲ ሊቅ አልነበረችም፤ ያየችውን በሚገባ መዝግባ የምትይዝ ሴት ነበረች። በ1918 ሞተች።

በ1909 ደግሞ ክላረንስ ኩክ ሊትል የሚባል ገና ሃያ ዓመት ያለፈው የሃርቫርድ ተማሪ ወንድም አይጥን ከእኅቱ ጋር፣ የነርሱንም ልጆች እርስ በርሳቸው እያዳቀለ ትውልድ ማስቈጠር ጀመረ። ይህ ሃያ ትውልድ ያህል ሲደጋገም አይጦቹ በዘራቸው እንደ መንታ ይመሳሰላሉ። በ1921 ከላትሮፕ አይጦች ተነሥቶ ያወጣው ጥቁር ዘር እስከ ዛሬ ድረስ በዓለም ላቦራቶሪዎች እጅግ ከሚሠራባቸው አንዱ ነው። በ1929ም በሜይን ክፍለ ሀገር ባር ሃርበር በሚባል ስፍራ የጃክሰን ላቦራቶሪን አቋቋመ። በ1947 ላቦራቶሪው በቃጠሎ ሲወድምና አይጦቹ ሲያልቁ፣ ቀድሞ ከዚያ አይጥ የወሰዱ መርማሪዎች ከየአገሩ ዘሩን መልሰው ላኩለት። ዘር ያበደረ ገበሬ በክፉ ቀን ዘሩን እንደሚያገኝ ማለት ነው።

እንግዲህ ምስክሪቱ ተገኘች። ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ቃሏ እንዴት ይሰማ የሚለው ነው። በሁለት ታሪክ ላስረዳ።

በጃክሰን ላቦራቶሪ የሚሠራ ጆን ቢትነር የተባለ መርማሪ ነበረ። የጡት ነቀርሳ በሚበዛበት ዘር ውስጥ በሽታው አባትን ሳይሆን እናትን ተከትሎ እንደሚሄድ ታውቆ ነበር። ቢትነር ግልገሎቹን እንደ ተወለዱ ከእናታቸው ነጥሎ ነቀርሳ ለማይበዛበት ዘር እናት እንድታጠባቸው ሰጠ። በሽታው በጣም ቀነሰ። በ1936 ውጤቱን አሳተመ፤ ኋላም በወተቱ ውስጥ የሚተላለፈው ነገር ቫይረስ መሆኑ ታወቀ። ይህ ታላቅ ግኝት ነው። ነገር ግን ቸኵሎ «የእናት ወተት ነቀርሳ ያመጣል» ብሎ በየመንደሩ ያወጀ ሰው ቢኖር ስንቱን ሕፃን በከንቱ ባስራበ ነበር! በሰው ዘንድ የጡት ነቀርሳ በእናት ወተት እንደሚተላለፍ አልተረጋገጠም፤ እንዲያውም ማጥባት የእናቲቱን የጡት ነቀርሳ ዕድል እንደሚቀንስ በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። አይጢቱ አልዋሸችም፤ የመሰከረችው ግን ስለ ራሷ ነበር።

ሁለተኛው ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1953 ኧርነስት ዋይንደርና ባልደረቦቹ የሲጋራ ዝፍት በአይጦች ጀርባ ላይ እየቀቡ ከመቶ 44ቱን የቈዳ ነቀርሳ እንደ ያዛቸው አሳተሙ። የትምባሆ ኩባንያዎች ወዲያው «የአይጥ ቈዳ የሰው ሳንባ አይደለም» የሚል ክርክር አነሡ። በ1954 ባቋቋሙት የምርምር ጉባኤ ላይ የሳይንስ መሪ አድርገው የሾሙት ማንን ይመስላችኋል? ያንኑ የአይጦቹን አባት ክላረንስ ሊትልን ነበር! እርሱም ማጨስ የሳንባ ነቀርሳ ማምጣቱ አልተረጋገጠም እያለ ለብዙ ዓመታት ተከራከረ። የአይጥ ቈዳ የሰው ሳንባ አለመሆኑ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክሱ በአይጥ ብቻ የቆመ አልነበረም፤ በ1950 በእንግሊዝ አገር ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በሆስፒታል የተኙትን ሰዎች ራሳቸውን መርምረው አጫሾቹ ይበልጥ በሳንባ ነቀርሳ እንደሚያዙ አሳይተው ነበር። በአንድ ምስክር ፍርድ አይሰጥም፤ ሁለት ምስክሮች በአንድ ቃል ሲናገሩ ግን አንደኛዋ አይጥ ናት ብሎ መዝገቡን መዝጋት ተንኰል ነው።

ከነዚህ ታሪኮች የምንማረው፣ የአይጥ ምስክርነት በጭፍን መታመንም በጭፍን መናቅም እንደማይገባው ነው። ወደ መድኃኒት ሙከራ እንለፍ።

የላቦራቶሪ አይጥ ዛሬ አንድ ዐይነት ብቻ አይደለችም። በ1960ዎቹ በስኮትላንድ ጠጕር አልባ ሆና የተወለደች አይጥ ተገኘች፤ ታይመስ የሚባለው ዕጢ የላትምና የሰውነት መከላከያዋ ደካማ ነው። በዚህም የተነሣ የሌላ ፍጡር ሥጋ ቢተከልባት አታስወግድም። በ1969 በዴንማርክ ከሰው የተወሰደ እባጭ ተተክሎባት አደገ፤ ከዚያ ወዲህ የሰውን ነቀርሳ በአይጥ ጀርባ ላይ ማጥናት ተቻለ። በ1980ዎቹ ደግሞ መርማሪዎች የነቀርሳ ዘረ መል በጽንሷ ላይ እየጨመሩ ነቀርሳው ከገዛ ሥጋዋ የሚነሣ አይጥ አወጡ፤ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲም በ1988 በአሜሪካ በእንዲህ ያለች አይጥ ላይ የባለቤትነት መብት እስከ ማግኘት ደረሰ። እያንዳንዷ አይጥ ለአንድ ዐይነት ጥያቄ ትመልሳለች እንጂ ለሁሉም አትመልስም። ለምሳሌ ያህል ጄምስ አሊሰን የሰውነትን መከላከያ ኀይል ከልጓሙ ፈትቶ ነቀርሳን እንዲያጠቃ ማድረግ እንደሚቻል በ1996 ያሳየው መከላከያቸው ሙሉ በሆነ አይጦች ላይ ነው፤ ጠጕር አልባዋን ቢጠይቅ ኖሮ ምንም ባልነገረችው ነበር። ከዚያ የተገኘው መድኃኒት በ2011 ለሕሙማን ተፈቀደ፤ አሊሰንም በ2018 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ።

ሙከራው የሚደረገው እንዲህ ነው። አንድ ዘር፣ አንድ ዕድሜ፣ አንድ መኖ ያላቸው አይጦች እባጭ ከተተከለባቸው በኋላ በዕጣ በሁለት ይከፈላሉ። ለአንደኛው ወገን መድኃኒቱ፣ ለሌላው መድኃኒት የሌለበት ውሃ ይሰጣል። እባጩ በየጊዜው ይለካል፤ የሚለካውም ሰው የትኛዪቱ አይጥ መድኃኒት እንደ ወሰደች ባያውቅ ይመረጣል፤ ዐይን የሚመኘውን ያያልና። በመጨረሻ የሁለቱ ወገኖች ልዩነት በአጋጣሚ ሊሆን ይችል እንደ ሆነ በሒሳብ ይመረመራል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ተደርጎ አይጥን ያዳነ መድኃኒት ሰውን ብዙ ጊዜ የማያድነው ለምንድን ነው? አይጦቹ ወጣቶች ናቸው፤ ሕሙማኑ ብዙዎቹ ሽማግሌዎች። የአይጧ እባጭ በሳምንታት የበቀለ ነው፤ የሰውየው በብዙ ዓመታት እየተለዋወጠ የኖረ። የአይጧ ከቈዳ ሥር የተተከለ ነው፤ የሰውየው በጉበትና በአጥንት ተበትኖ ሊሆን ይችላል። አይጦቹ መንታ ናቸው፤ ሁለት ሰዎች ግን አይመሳሰሉም። የአይጥ ሰውነት መድኃኒትን የሚያብላላበት ፍጥነትም ከኛ የተለየ ስለ ሆነ፣ እርሷ የቻለችውን መጠን ሰው ላይችለው ይችላል። በዚህም ምክንያት በሰው ላይ መሞከር ከጀመሩት የነቀርሳ መድኃኒቶች ከአሥሩ አንዱ እንኳ ለሕሙማን እስከ መፈቀድ አይደርስም። በ1998 የጁዳ ፎክማን ግኝት የአሜሪካን ጋዜጦች በሞላ ጊዜ ሊቁ ራሱ ሰውን ከመቸኰል ሊመልስ ሲል፣ እስካሁን በሚገባ ማከም የምንችለው አይጥ የሆነውን በሽተኛ ነው የሚል ቀልድ ጣል አድርጎ ነበር።

አሁን ወደ ገዛ አገራችን ልመልሳችሁ፤ ይህ ታሪክ አንድ ጫፉ ከኛው ቁጥቋጦ ላይ ታስሯልና። አጣጥ ከምንላቸው እሾሃማ ተክሎች ወገን የሆነ፣ በሳይንስ ስሙ ማይቴነስ የሚባል ቁጥቋጦ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ተሰብስቦ ወደ አሜሪካ ተወሰደ፤ የዚያ አገር የነቀርሳ ተቋም ከመላው ዓለም ዕፀዋት እያስመጣ ያስመረምር ነበር። በ1972 ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ ከተክሉ ሜይታንሲን የሚባል ንጥረ ነገር እጅግ በጥቂቱ አንጥረው ማውጣታቸውን አሳወቁ። ንጥረ ነገሩ በአይጦችና በሌሎች የላቦራቶሪ እንስሳት እባጮች ላይ ብርቱ ሆኖ ተገኘ። ተስፋው ታላቅ ነበር። ዳሩ ግን በ1970ዎቹ በሰው ላይ ሲሞከር ሕሙማኑን በብርቱ ያስመልሳቸው፣ ያስቀምጣቸው፣ ነርቫቸውንም ይጎዳ ጀመር፤ እባጩ ግን እንደ ታሰበው አልሟሸሸም። ሙከራው ተተወ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ አይጢቱን ሐሰተኛ ምስክር ባልናት ነበር። የሆነ ሆኖ የተናገረችው ግማሹ እውነት ነበር፤ መርዙ የነቀርሳን ሕዋስ ይገድላል። ያልነገረችው፣ ሰውን ሳይጎዳ እስከ ሕዋሱ እንዴት እንደሚደርስ ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ መርማሪዎች ከሜይታንሲን የወጣውን መርዝ ትራስቱዙማብ ከሚባል ፕሮቲን ጋር አጣበቁት። ይህ ፕሮቲን ሄር-2 የሚባል ምልክት የበዛበትን የጡት ነቀርሳ ሕዋስ ለይቶ ይይዛል፤ እንዲህ ያለው ምልክት የሚበዛው ከአምስት የጡት ነቀርሳ በሽተኞች በአንዷ ገደማ ላይ ነው። መርዙ እንደ ታሸገ ደብዳቤ አድራሻው ዘንድ ደርሶ ይከፈታል። እንደ ገና አይጥ ተጠየቀች፤ የሰው የጡት ነቀርሳ በተተከለባቸው አይጦች ላይ ተሞከረና ሠራ። በዚህ ጊዜ ግን በአይጥ ቃል ብቻ አልተፈረደም። በሽታው በተስፋፋባቸው 991 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2012 ሲታተም፣ አዲሱን መድኃኒት የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 30.9 ወር፣ በቀድሞው የታከሙት 25.1 ወር ሆኖ ተገኘ። በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። ከ1972 እስከ 2013 አርባ አንድ ዓመት ነው፤ ትርፉም ስድስት ወር ያህል። ስድስት ወር ለእኔና ለእናንተ አንድ የትምህርት ዘመን እንኳ አይሞላም፤ ልጇን ለምትድር እናት ግን ብዙ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን አደራ የምለው ነገር አለ። ይህን ታሪክ ሰምቶ አጣጥ ቀቅሎ ለሕመምተኛ የሚያጠጣ ሰው እንዳይኖር! ሜይታንሲን ከብርቱዎቹ መርዞች አንዱ ነው፤ በላቦራቶሪ ተለክቶና ታስሮ የቀረበው እንኳ በስንት ጥንቃቄ የሚሰጥ ነው።

ለመስቀል ተመልሼ ወደ አክስቴ ዘንድ ስሄድ የጋዜጣው ቁራጭ አሁንም ከትራሳቸው ሥር ነበር። እንዲህ ስል ነገርኋቸው፦ «መድኃኒቱ አይጦችን እንደ ጠቀመ እውነት ነው። በሰው ላይ ግን ገና አልተሞከረም፤ ቢሞከርም ዓመታት ይፈጃል፤ ብዙውም በመንገድ ይቀራል። ሐኪሙ አሁን የሚሰጥዎትም መድኃኒት ቢሆን ቀድሞ በዚሁ መንገድ ያለፈ ነውና እርሱን አይተዉ።» ጥቂት ዝም አሉና «ለመሆኑ አይጦቹ ኋላ ምን ሆኑ?» ብለው ጠየቁኝ። ይህን እንዲጠይቁ አልጠበቅሁም ነበር። ሙከራው ሲያልቅ ሥጋቸው እንዲመረመር ይገደላሉ አልኋቸው። «ምስኪን» አሉ። በ1959 ራስልና በርች የሚባሉ ሁለት የእንግሊዝ ሊቃውንት፣ እንስሳን በሌላ ዘዴ መተካት ሲቻል ይተካ፤ ካልተቻለ ቍጥሩ ይቀነስ፤ ሥቃዩም ይቃለል የሚል መመሪያ እንዳወጡና ዛሬ በብዙ አገር እንደሚሠራበት ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይመስለኛል፣ በደንብ ያልተሠራ ሙከራ ሁለት ጊዜ በደል ነው፤ አይጢቱን በከንቱ ያጠፋል፤ በሽተኛውንም በከንቱ ያስጐመጃል።

ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ ከኛ ፋኩልቲ ከሚወጡት ብዙዎቹ ነገ በጋዜጣና በሬድዮ ቤት ይሠራሉ፤ ከባሕር ማዶ የመጣውን ወሬ ወደ አማርኛ የሚመልሱት እነርሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ወሬ እጃቸው ሲገባ አራት ጥያቄ ይጠይቁ፦ የተሞከረው በአይጥ ነው ወይስ በሰው? በአይጥ ከሆነ በምን ዐይነት አይጥ? ነቀርሳው ጠፋ ወይስ ዕድገቱ ዘገየ? ሌላ ላቦራቶሪ ደግሞ ሞክሮ ያንኑ አገኘ? መልሱንም ሳያገኙ አርእስት አይስጡ። «በአይጥ ላይ» የሚሉት ሁለት ቃላት ብዙ ቦታ አይፈጁም፤ ከሦስተኛው አንቀጽ አንሥቶ አርእስቱ ላይ ማኖር ይቻላል። ጋዜጣውን ቈርጦ ከትራሱ ሥር የሚያኖር ሰው መኖሩን እኔ በዐይኔ አይቻለሁ።